ስልሳ አንደኛው ቀረጻ

ብቸና ላይ ስለተሠራው ስለዚያ ፊልም
ብዙ ይወራል አሉ፤ አብዛኛው እውነት አይደለም።
እኔ አውቃለሁ፤
ዣንጥላም ሲባጎም ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ምንውየለት ሠርግ አንሺ ነው። በጥር፣ በሚያዝያ፣
"ሙሽሪት ቀና በይ፣ ሚዜ ጠጋ በል፣ አንተ ልጅ ሂድ ወዲያ"
ሲል ኖሮ ሲል ኖሮ፣ አንድ ክረምት፣
ቆርቆሮው በዝናብ ሲነረት ሌሊት፣
ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ "አገኘሁት!" አለ፤
"ሜዳ ላይ የቆመ በር፤ ቤት ግን የለ።
ይከፈታል። ማንም አይወጣም።
አራት ደቂቃ ነው። ቢያጥርም ቢረዝምም አይሆንም።"

"በሩስ ከየት ይምጣ?" አለችው ጠጅቱ።
ዘወር ብሎ አየ፤
ዓይኑ ሩቅ አልሄደም፣ እዚያው አረፈ፣ ከገዛ ከቤቱ።

በሯ የጽድ ነች፣ ሰማያዊ ቅብ፤ የጠረቧት የጠጅቱ አባት፣
ማጠፊያዋን ፈትቶ፣ እንደ በሽተኛ፣ በጀርባው አዝሎ አወጣት።
ጤፉ እስኪታጨድ ታግሦ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በልየው ማሳ፣
ጮቄን ከኋላዋ አድርጎ አቆማት፤
ነፋስ በነካት ቁጥር ልቡ እየሳሳ።

በአንደኛው ቀረጻ በሩ ሲከፈት ፍየል ወጣች።
በሰባተኛው ደመና ቸኮለ፤ ፀሐይ ጠፋች።
በአሥራ ዘጠነኛው ሁሉም ልክ ነበር፤ እኔ አስነጠስሁ፤
ይኸው እስከ ዛሬ ሰው "ይማርህ" ሲለኝ እሸማቀቃለሁ።
በሠላሳ ሦስተኛው ባለማሳው መጣ፣ ጋሽ ልየው፣
"እኔ ጤፍ ነበር የዘራሁ፤ ይኼን ማን ዘራው?"
ብሎ ዞረው፤ በፊት፣ በኋላ፤
ከዚያ ግን፣ ያላየነው መስሎት፣ ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

ጠጅቱ በበሩ ፈንታ የማዳበሪያ ጆንያ ሰቀለች፤
ጅብ በጮኸ ቁጥር ጠረጴዛ ገፍታ፣ ወንበር ደርባ ተኛች።
ሁለት ሠርግ ቀረበት፤ ቀብዱም ተመለሰ፤
የቀረችው ብር ለባትሪ፣ ለሚሞሪ ፈሰሰ።
"ምን ጎደለው?" አልሁት፣ በአርባኛው ማግስት።
"አሁንም ሰው ነው የሚከፍተው" አለኝ፤
"እኔ የምፈልገው በሩ ራሱ ሲያስብበት።"

ልጅ ሳለ ሁለት ክረምት ቅኔ ቤት ቆይቷል፤ አልዘለቀም፤
ግን አንዲት ቃል ሁለት ፊት ካላት፣ ሳያገላብጣት አይተኛም።

በስልሳ አንደኛው፣ ሲባጎውን ገና ሳልስብ፣
ካሜራው በርቶ፣ እሱ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣
በሩ ተከፈተ።
ጠጅቱ ወጣች።
ወገቧን በመቀነት አስራ፣ መዶሻ ይዛ፣ "በሬን!" አለች፤ "በሬን መልስ!"
ማዶ የነበረው ልየው ሰምቶ፣ ደንግጦ ጥማዱን ሲያስስ፣
ላልቶ ለሰማው የእርሻ ነው፤ ጠብቆ ለሰማው የቤት፤
ቅኔ ቤት ያልዋለች ሴት
ባንዲት ቃል ሁለት ወንድ አቆመች።
ከዚያ ዞራ፣ በትከሻዋ ደገፍ፣ በእጇ ከፍ አድርጋ ዘጋችው፤
ያ በር ከፍ ካላሉት አይገጥምም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስታነሣው
አንድ ቀን አላየም።
ምንውየለት "በቃ፣ ቁረጥ" ማለት ጠፋው። ባትሪው እስኪያልቅ ዝም።

ፊልሙ በቪዲዮ ቤት ታየ፤ እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው።
አራት ደቂቃ ሙሉ የተዘጋ በር ነው፤
ሊከፈት ሲል፣ እጀታው ንቅንቅ ሲል ያልቃል።
አንዱ "ብራችንን!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ይስቃል።
ከኋላ ወንበር ጠጅቱ
አልጮኸች፣ አልሳቀች። ማን እንደሚወጣ ታውቃለች።

በሩ ተመልሶ ተገጥሟል፤ ቀለሙ ትንሽ ተልጧል።
በቀደም ባልፍ፣ ምንውየለት ሜትር ይዞ መስኮቱ ሥር ቆሟል።

ሲባጎዋ እኔ ኪስ ቀረች። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣
ሰው ሳያየኝ ሳብ አደርጋታለሁ፤
የሚከፈት ነገር ካለ፣ ላይ።